ለፈቃድ የተቀበረ አባት

ካፖርቴን ልወስድ ወደ ሰፈራችን ልብስ ማጠቢያ ቤት ጎራ ብል፣ ባለቤቱ ጋሼና ልጃቸው ባንኮኒው ላይ ተፋጠው አገኘኋቸው። ልጅቱ ኮምፒዩተር የተማረች ናት። የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግብ፣ የዕረፍት ፈቃድም የሚጠየቅበት ፕሮግራም በየሰው ስልክ ላይ ጭናለች። አባት ደግሞ በዚህ አልሠራም፣ ሞቼ እገኛለሁ ብለዋል።

"ይፍረዱን እስቲ!" አሉኝ። "ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለውም። ፊቴ ቆሞ ችግሩን ያልነገረኝን ሰው እንዴት ነው የምፈቅድለት? ለሰዓቱም ቢሆን ዐይኔ ይበቃል።"

"አባዬ፣ ዐይንህ አርፍዶ የገባውን ነው የሚያየው፤ አምሽቶ የወጣውን አይቶ አያውቅም። ፈቃዱም በዓመት የሚገባቸው ነው። ስንት ቀን እንደቀራቸው ያሳይሃል፣ ሁለት ሰው አንድ ቀን ከጠየቀም ያስጠነቅቅሃል። ለምን እንደፈለጉት ምን አገባህ?"

"ሰነፍ ሁሉ ሊጫወትብኝ!"

ይህን ሲሉ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ልብስ የምትተኩሰው ሴት ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስታው ቆማለች። ጋሼ ሊጮኹባት ዞሩ፤ እሷ ግን ቀደመቻቸው።

"አባቴ ሆስፒታል ነው ጋሼ፣ ሊሞትብኝ ነው። እባክዎ ልሂድ።"

"አባትሽን አምና ቀብረሽው የለም እንዴ? እግዜር ያጥናሽ ብዬ የሸኘሁሽ እኔ አይደለሁ?"

"ያኔ ልጄ ታሞብኝ ነበር። ልጅ ሁሌም ይታመማል ብለው ከለከሉኝ። በማግስቱ አባቴን ገደልኩት። ከሞት ባነሰ ነገር ፈቅደው አያውቁማ።"

"ውሸታም!"

እጣቢ ውሃ ሊደፋ የወጣው አጣቢ ባልዲውን አስቀመጠ። "እንግዲህ እኔንም ይስደቡኝ ጋሼ። ነፍስ ይማር ያሉላት አክስቴ ባለፈው ብርድ ልብስ ልታሳጥብ መጥታ፣ የተቀበሏት እርስዎ ራስዎ ነዎት።"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። እኚህ ሰው ከአንዱም ሐዘንተኛ ቤት ደርሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ያውቁ ነበር!

"ሰማህ አባዬ?" አለች ልጅቱ። "እውነት የተናገረ ይከለከላል፣ ዘመዱን የገደለ ይፈቀድለታል። ውሸታም ያደረግሃቸው አንተ ነህ። አሁን እውነቱ ሲመጣ ደግሞ የምታምንበት አንጀት አጣህ!"

ሴትዮዋ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ስልኳ ላይ ቀኖቹን ነካች። ጥያቄው ጋሼ ስልክ ላይ ሲደርስ ጣታቸው ተንጠልጥሎ ቀረ።

"የቱ ጋ ነው የሚነካው?" አሉ በመጨረሻ።

ዛሬ በዚያ ቤት ማንም ፈቃድ ለማግኘት ዘመዱን አይገድልም። ያመሸ ሰው ሰዓቱ ይያዝለታል፤ ማን መቼ እንደማይኖር ቀድሞ ስለሚታወቅም የደንበኛ ልብስ በቀጠሮው ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጥቅም በአንድ ጣት የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ሰውን ለዓመታት ማስለመን ምን የሚሉት ክፋት ነው?

ሴትዮዋ አባቷን ቀብራ ስትመለስ ጋሼ ከባንኮኒው ኋላ ወጥተው ተቀበሏት።

"ነፍሱ ሳትወጣ ደረስሽበት?" አሏት።

"ደረስኩበት። ስሜን ጠራኝ።"

ጋሼ እግዜር ያጥናሽ ሊሉ ጀመሩና፣ ቃሉን አምና ለሐሰተኛው ሞት ማለታቸው ትዝ ሲላቸው ትተውት ወንበር ሳቡላት።