የጋራ ፎልደሩን ያጸዳልን ሰው

እንዴት አደርሽ እህቴ? የልጅሽ ሳል ተሻለው? እሰይ፣ ተመስገን። ይቺን ሹራብ ደግሞ ከየት አመጣሻት? አምሮብሻል! ቁጭ በይ እስቲ፣ ዛሬ እንደሆነ የሚያጣድፈን ሥራ የለም… ስምንት ወር ሙሉ የሳልነው የክሊኒክ ፕላን ከነሙሉ ክብሩ ተሰናብቶናል። ድምፄ ከፍ ቢል አይክፋሽ፤ ከካቢኔው ወዲያ የተቀመጠው ሰው እንደሆነ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ገመዱ ብቻ የትም አልተሰካም… የዘመኑ ዕቃ ይሆናላ!

እኔ የምልሽ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብ መሥራት አያኮራም? ድሮ እኮ ስድስታችንም ፍላሽ ይዘን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስንሯሯጥ፣ የማን ሥዕል አዲስ የማን አሮጌ እንደሆነ ስንነታረክ ነበር የምንውለው። ከዚያ አዋቂ መጣልን። ፋይሉን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ሰበሰበና ስድስታችንም ከየኮምፒውተራችን የምንከፍተው አንድ የጋራ ፎልደር ዘረጋልን። አንቺ በር ስትስይ እኔ ጋ ይታያል፤ እኔ ግድግዳ ሳነሳ አንቺ ጋ ይነሳል። እጁ ይባረክ! እኔማ አንዱን ክፍል በስድስት መስኮት ማየት ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ያው የእኔ ቢጤ ያልተማረ ሰው ግምት…

ከትናንት በስቲያ ሰርቨሩ ሞላ ተባለ። ታዲያ ሊቅ ዝም ብሎ ያያል? "አንድ ዓይነት ሥራ ስድስት ቦታ ምን ይሠራል? አንዱ ይበቃል" አለና መጀመሪያ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አጠፋ። ቀጥሎ አንቺ ጋ ሄደ። ባዶ! "አየሽ ፍጥነቱን? ይሄኛው ራሱ ጸድቷል" አለኝ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛውም ጸድተው ጠበቁት። እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለሽ! ስድስተኛው፣ ያው ሊያስቀርልን ያሰበው… ውይ፣ እሱማ እንዴት ያለ ጽዳት! መጠባበቂያው ቅጂስ የት ሄደ አትይኝም? እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ከዋናው ጎን ነበር እኮ። ብቻውን እንዳይከፋው ብሎ ነው… ሆዱ አይችልም።

ደግሞ ሥራው መልሶ ይሠራል፣ እጃችን አልጠፋ። እኔን አንጀቴን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ "ምን ተፈጠረ?" ሲሉ ይሄ አንደበተ ርቱዕ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጽዳቷ የሰርቨሩን ሶኬት ነቅላው ነው።" እትዬን እኮ ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሲያጸዱ የተጨማደደች ብጣሽ ወረቀት እንኳ ሳይጠይቁ የማይጥሉትን ሴትዮ! ሰርቨሩ ያለው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁልፉም አንድ ሰው አንገት ላይ ነው የሚውለው… እንግዲህ እትዬ በተዘጋ በር አልፈው ገብተው ነቀሉ ማለት ነው። ይሄ ከሆነማ ጽዳት ላይ ምን ያደርጋሉ፣ ገዳም ይግቡ እንጂ!

አሁን ኮሪደሩ ላይ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። አራት ሰዓት ላይ የስንብት ደብዳቤ ይሰጣቸዋል፤ ሃያ ደቂቃ ቀረ። ጠዋት ግን አዋቂያችን ሻይ ገዝቶ ሰጥቷቸዋል፣ "አይዞዎት እናቴ" ብሎ… እንዲህ ያለ ርኅሩኅ የት ይገኛል?

እኔ እንኳ አልናገርም፣ ምን አገባኝ! ያ ወሬኛ ሰርቨር ነው ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳጠፋ አንድ በአንድ የሚመዘግበው። ሁለት ገጽ ሆነ፤ አትሜ መሳቢያዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ፣ ለትዝታ። ሰው ራሱ ሄዶ ሲናገር ግን እንዴት ያምርበታል፣ አይደል? ሃያ ደቂቃ ደግሞ ለወንድ ልጅ ብዙ ነው… አሥራ ስምንት ሆነ።

ኧረ! ወንበር ተንቀሳቀሰ ልበል? አየሽ፣ አየሽ… ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። በሩን አንኳኳ! ገባ! እሰይ የኔ ጨዋ! በይ ነይ፣ እትዬን "ይነሱ፣ ወደ ሥራዎ ይግቡ" እንበላቸው። ግን መጀመሪያ እሱን እንመርቀው፣ ለፍቶልናል። ጧሪ ልጅ ይስጠው። እሱ ሥራችንን በጠበቀበት ዓይን የሚጠብቀው፣ እሱ ለእትዬ እንደመሰከረላቸው የሚመሰክርለት፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ ልጅ… አሜን በይ እንጂ!