ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ

ከግሮቭፖርት ወደ ዳውንታውን በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንዲት ሴትና አንድ አዛውንት ያወራሉ።

«ዳውንታውን ባለው ሞል ውስጥ ልብስ ስፌት ልከፍት አፕላይ አድርጌ፣ ማናጀሩ ‹አንድ ልብስ ሰፊ አለን፤ ሌላ ዓይነት ሱቅ ነው የምንፈልገው› አለኝ።»

«ታዲያ ተውሽው?»

«ለምን እተወዋለሁ ጋሼ? መርካቶ ሸማ ተራ የተባለው ሸማ ሻጩ አንድ ስለሆነ ነው? ገበያተኛ የሚመጣው ተራው ሲሞላ ነው። አሁንም ይህንኑ ልነግረው እየሄድኩ ነው።»

«ያለው ልብስ ሰፊ ቢቃወምስ?»

«እሱንም አናግረዋለሁ።»

«እያናገርሽው ነው።»

ሙሉ በሙሉ ወደ አዛውንቱ ዞረች።

«እንግዲያው አብረን እንግባና እርስዎም ለማናጀሩ ይንገሩት።»

«ሱሪ ማሳጠሩን ለእኔ ከተውሽልኝ እነግረዋለሁ።»

«ሱሪማ አልተውም ጋሼ።»

«እሺ፣ ተነሺ፤ ደርሰናል።»

ዚፑ የተበላሸ ጃኬቴን ደረቴ ላይ ሰብስቤ እንደያዝኩ፣ ከሁለቱ ለማን እንደምሰጠው ጨነቀኝ።