ከራሷ ሥጋ የተጣፈች ጀልባ

(አያ ታፈረ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው ያጫወቱንን፣ እንደተናገሩት ጻፍኩት።)

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሰው የሚኮራው በበቅሎው ነበረ፤ እኔና ሞላ ግን በጀልባ ነበር የምንኮራው። ሳቁ፣ ሳቁ! ስማዳ ደጋው ላይ፣ ውርጭ ገብሱን በሚመታበት አገር፣ ጀልባ! እናንተ ጀልባ ያያችሁት መጽሐፍ ላይ ነው፤ እኔ ግን በዚች ትከሻየ ተሸክሜያታለሁ።

እንዴት መሰላችሁ፤ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ውሃ የሚለኩ ሰዎች መጡ። ፈረንጆችም አሉባቸው፣ የእኛም ሰዎች አሉባቸው፤ እና ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ፍጥነቱ ስንት ነው እያሉ በነጭ ጀልባ ዓባይን ሲለኩት ከረሙ። እኔና ሞላ ዕቃቸውን የምንሸከም ጎረምሶች ነበርን። ሞላ አብሮ አደጌ ነው፤ ጎበዝ ንብ አናቢ፣ አፉ የማያርፍ፣ ኩሩ። ታዲያ ሰዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉ ሦስት ያረጁ ጀልባዎች ነበሯቸውና፣ “እነዚህስ ሽቅብ የሚወጡ አይደሉም፣ እናንተ ውሰዷቸው” ብለው ተዉልን። አንዷ ድንጋይ ላይ ተጨፍልቃ እንደ ተረገጠ ቅል ሁናለች። ሁለቱ ደኅና ናቸው፤ ደኅና ስላችሁ ግን ያፈስሳሉ፣ እንደ ወንፊት ነው የሚያፈስሱት። ቆርቆሮው ከቆርቆሮ የተያያዘበት ምስማር ሁሉ ላልቷል።

አልሙኒየም ነው አሉ ስሙ። እኛ ነጭ ቆርቆሮ ነው የምንለው። ቀላል ነው እናንተየ! አራት አራት ሁነን ተሸክመን ሦስቱንም ወደ ደጋ አወጣናቸው። ለምን አወጣችኋቸው ትሉኝ ይሆናል፤ በክረምት ዓባይ ይሞላና ይወስዳቸዋላ! ክረምቱን ከደጃችን አስቀምጠን ልንጠግናቸው፣ ከዚያ በኅዳር፣ የገና ጾም ሲገባ፣ ውሃው ሲረጋ፣ አውርደን አሳ ልናጠምድባቸው ነው ሐሳባችን።

ታዲያ ያን ክረምት ጨዋታችን ሁሉ ጀልባ ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ ሞላ ይመጣል፣ የእኔዋን ዞር ዞር ብሎ ያያታል፣ እና ይጀምራል።

“ታፈረ፣ የእኔዋ አፍንጫዋ ሹል ነው። የአንተዋ ግን ምነው እንደ ድስት ድቡልቡል አለች?”

“ድስትማ ከሆነች አሳው ይገባባታል” እለዋለሁ።

“መቀመጫዋን ከምን ሠራህላት?”

“ከወይራ።”

“ከወይራ! ልትሄድባት ነው ወይስ ልታሰምጣት? እኔ ከዋንዛ ነው የሠራሁላት፣ ከላይ የበግ አጎዛ አለበት። ንጉሥ ቢቀመጥባት አያፍርም።”

እንዲህ ነው ሞላ። በኋላማ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ በበቅሎው ግንባር ላይ የነበረውን የቀይ ሱፍ ጌጥ ፈትቶ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሰረው። በቅሎዋ ባዶ ግንባሯን ወገዳ ገበያ ወጣች። ሚስቱ “እንዴው በቅሎዋ ምን አጠፋች?” ትለው ነበር። ግን ልጆች፣ ስታምር! ውሸት ምን ያደርጋል፣ ስታምር!

እና ዋናው ነገር ቀዳዳው ነው። ሞላ “እኔ ሰም አለኝ” አለ። ንብ አናቢ አይደል? ሰሙን አቀለጠ፣ ጥጥ ነከረበት፣ በየምስማሩ ሥር ወተፈው። አሳምሮ፣ በጣቱ አለስልሶ። ቀዳዳ ነበረ ብትሉት ማንም አያምናችሁም።

እኔ ሰም የለኝም፤ ስለዚህ ወደ ጌጡ ሄድሁ። ጌጡ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ቤቱ ከመንደሩ ራቅ ብሎ። በዚያ ዘመን፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባል ነበረ። ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማጭድህን ይስልልሃል፤ ማዕድህን ግን አይቀርብም። ዓይኑ ያረፈበት ነገር ተበላ ነው። እናቴ እንኳ ሰምታ “ታፈረ፣ መዶሻ የጨበጥህባት ቀን ከዚህ ቤት እንዳትገባ!” አለችኝ።

ጌጡ ጀልባዋን አያት። መዳፉን በሆዷ ላይ አሳለፈው፣ ልክ የታመመች ላም እንደሚዳብስ ሰው። ከዚያ፣ “ታፈረ፣ ሥራው አይደለም የሚያስፈራኝ” አለኝ።

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“ይች ጀልባ ብትሰጥም፣ ሰጠመች አይሉም። ጌጡ በላት ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ እኔና ልጆቼ እዚህ አገር መኖራችን አበቃ። አንተ ጀልባ ነው የምታጣው፤ እኔ አገር።”

ጀልባዋን ልመልሳት ተነሳሁ።  እሱ ግን ዓይኑን ከሷ አልነቀለም፤ ሥራው ጠርቶታል። “እስቲ ተዋት” አለኝ።

ታዲያ ከተጨፈለቀችው ጀልባ ቁራጭ ቆርጦ እሳት ውስጥ ከተተው፣ እንደ ብረት። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ያኔ ትመታዋለህ። ይኸ ግን አይቀላም! ወናፉን ቢነፋ፣ ቢነፋ፣ ነጭ እንደሆነ ነው። እና እንዲሁ ሳይቀላ፣ ሳይናገር፣ ቅልጥ ብሎ እንደ ወተት አመድ ውስጥ ፈሰሰ። ጌጡ ፈዝዞ ቀረ። ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም፣ ልጆቹም አልደረሱበት። በአራተኛው ቀን እኔን አስጠራኝ።

“ገብቶኛል” አለ። “ይች እሳት አትፈልግም። ብረት ብመታባትም አይዋደዱም፣ ባዕድ ነው። ቆዳዋም ምስማሯም ከራሷ ሥጋ ይሁን።”

እና የሞተችውን ጀልባ ለሕያዋ ጣፋት። ከሞተችው ቆዳ ቆረጠ፣ ከሞተችው ወፍራም ጠርዝ ምስማር አወጣ፣ ሁሉንም በቀዝቃዛው፣ ያለ እሳት፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገ። በቆርቆሮና በቆርቆሮ መካከል ቀጭን የላም ቆዳ አስገባ፤ “ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ራሱ ይዘጋል” አለኝ። ምስማሩን በዚህ በኩል አስገብቶ በዚያ በኩል ራሱን ጠፍጠፍ ያደርገዋል፣ እንደ እንጉዳይ። ሠላሳ ሁለት ምስማር! አንዱ ከአንዱ አይበልጥ፣ አንዱ ከአንዱ አያንስ። እኔ እንዲህ ያለ እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

የመጨረሻዋ፣ ከላይ ከከንፈሯ ሥር ያለችው፣ ስትቀር መዶሻውን ሰጠኝ። “ይችን አንተ ምታ። ጀልባዋን የሚይዛት ዋናዋ ይችው ናት” አለኝ። እኔም መታሁ፣ ምስማሯንም ጣቴንም። እናቴ እንዳታውቅ ጣቴን ጠቅልየ ከካብ ወደቅሁ አልሁ። ግን ዋናዋን የመታሁ እኔ! ደረቴ እንዴት ተነፍቶ ነበር!

እና ኅዳር ገባ። ሁለቱንም መጀመሪያ ከመንደሩ ኩሬ ላይ ሞከርናቸው። የሞላ ጀልባ ቀኑን ሙሉ ቆመች፣ ጠብ የለም። የእኔዋ ግን፣ የላም ቆዳው ገና አልራሰምና፣ ትንሽ ትንሽ አስገባች። ሞላ እንዴት ሳቀ!

“ጌጡ ወንፊት ሠራልህ? ዱቄት ንፋበት!”

ጌጡ ከሩቅ ቆሞ ነበር። ፊቱን አየሁት። የሚያስበው ልጆቹን ነው።

በማግስቱ ወደ ዓባይ ወረድን። መንደሩ ለማየት ተከትሎን ወረደ። የነፍስ አባታችን አባ ክንፉም ሊባርኩ አብረው ወረዱ። ጌጡን “ቅር” ያሉት ብዙ ነበሩ፤ እሱ ግን “ሥራየን ውሃ ላይ ሳላያት አልቀርም” ብሎ መዶሻውን በስልቻ ይዞ፣ ከሁሉ ኋላ ወረደ።

የቆላው ፀሐይ! ከደጋ የመጣ ሰው ይቃጠላል። ጀልባዎቹን አሸዋው ላይ ገልብጠን፣ እኛ ጥላ ሥር ስንቃችንን በላን፣ ተጫወትን፣ አረፍን። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም ነበረ፤ ታዲያ አንዳችን እንኳ ያ ሙቀት ምን እያደረገ እንደሆነ አላሰብንም። ደጋ ላይ ሰም ድንጋይ ነው። እኛ የምናውቀው የደጋውን ሰም ነው።

አባ ክንፉ የሞላ ጀልባ ላይ ገብተው፣ አጎዛው ላይ ተቀምጠው ባረኩ። የእኔዋን ከሩቅ ረጨት አደረጓት፣ የጌጡ እጅ ነክቷታላ። ከዚያ ሞላ “አባቴ፣ ከእኔ ጋር ይሂዱ፣ የመጀመሪያውን አሳ እርስዎ ይይዛሉ” አለና ገፋት። ቀዩ ሱፍ በነፋሱ ይወዛወዛል። እኔና ጌጡ በእኛዋ ተከተልን።

መካከል ላይ ሲደርሱ፣ ውሃው ጥልቅ የሆነበት፣ አዞ አለበት የሚባለው ቦታ፣ የአባን ድምፅ ሰማሁ።

“ሞላ፣ እግሬ ረጠበ።”

“አባቴ፣ የረጩት ጸበል ነው።”

ትንሽ ቆይተው፣ “ሞላ፣ ጸበሉ በዛ!”

ሞላ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ጩኸት ብቻ ሆነ። በየምስማሩ ሥር ውሃው እንደ ምንጭ ይፈልቃል። ሞላ በባርኔጣው ይቀዳል፣ አባ “እመቤቴ! እመቤቴ!” ይላሉ፣ አፍንጫዋ ከነጌጧ ወደ ውሃው አጎነበሰች። እኔ ደንግጨ በጎን ልጠጋ ስል ጌጡ፣ “በጎን አይደለም፣ ይገለብጡናል! በስተኋላ፣ በስተኋላ ዙር!” አለኝ። ዞርሁ። ጌጡ ተዘርግቶ እጁን ሰደደ፣ አባ ክንፉም ያ ከሩቅ የረጨ እጃቸው የጌጡን እጅ ጭምድድ አድርጎ ያዘ። ሳብ አድርጎ አስገባቸው። ቀጥሎ ሞላን። የሞላ ጀልባ ጉልቅልቅ ብላ ሄደች። የእኛዋ ግን፣ ልጆች፣ አራት ሰው ተሸክማ፣ የላም ቆዳው አብጦ፣ ጠብ የለ! አንዲት ጠብታ የለ!

ተረፍን ብለን ዳር ስንደርስ ምን ጠበቀን? ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ “አልኋችሁ! ጌጡ ከኩሬው ዳር ቆሞ ሲያያት ነበረ!” ብሎ ጮኸ። “በላት! ቡዳው በላት!” ሌላውም ተቀበለ። ሁሉም ከጌጡ ሸሸ፣ እናት ልጇን በቀሚሷ ሸፈነች። እንግዲህ ሁለት ነፍስ ከውሃ ያወጣ ሰው ነው!

ጌጡ ስልቻውን ትከሻው ላይ አደረገ።  “ልጆቼን ይዠ ወደ እስቴ እሄዳለሁ” አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ደግሞ፣ “የአንተዋ ግን አላፈሰሰችም፣ አይተሃል አይደል?” አለኝ። አገሩን እያጣ እኮ ነው ይኸን የሚጠይቀኝ!

ሞላ ደረቅ ጋቢውን ሊያነሳ ጀልባዋ ተገልብጣ ወደነበረችበት አሸዋ ሄደ። እና ቆመ። ዓይኔ ተከተለው። አሸዋው ላይ፣ በተርታ፣ ልክ በምስማሩ አሰላለፍ፣ ቢጫ ጠብታ ተንጠባጥቧል። ሰሙ ነው። ስንበላ ቀልጦ ወርዷል። ከእኔና ከሱ በቀር ያየው የለም። እግሩን አነሳ፤ አንድ ጊዜ አሸዋ ቢያለብሰው ያልቃል፣ እሱ ከሐፍረት ይድናል፣ ጌጡ ይሄዳል።  “ሞላ” እንኳ አላልሁም።

እግሩን መለሰ። ጎንበስ ብሎ ሰሙን ከነአሸዋው ዘገነና፣ ያ የማያርፍ አፉ ተከፈተ።

“ሰዎች! እናንተ ሰዎች ስሙኝ! ጀልባየን በሰም የደፈንሁ እኔ ነኝ። ይኸው ሰሙ! የበላቻት ፀሐይ ናት። እስቲ ወንድ የሆነ ፀሐይን ቡዳ ይበላት!”

 አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው ሳቀ፣ የጮኸውም ሰውየ አቀርቅሮ ሳቀ። አባ ክንፉ፣ ልብሳቸው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ጌጡ ሄዱና መስቀላቸውን አሳለሙት። በቅርብ፣ በእጃቸው ግንባሩን ነክተው። ያን ቀን ከአንድ አገልግል በላን፣ ጌጡም በመካከላችን።

ሞላ ጀልባውን በማግስቱ፣ ውሃው ገፍቶ ዳር ካደረሳት ቦታ፣ በገመድ ስቦ አወጣትና ከጌጡ ደጅ አደረሳት። “ከራሷ ሥጋ ጣፍልኝ” ቢለው፣ ጌጡ “እጥፍልሃለሁ፤ ሰሙን ግን አትጣለው፣ አባ ለጧፍ ይፈልጉታል” አለው። ሞላ ይኸን እስኪሞት ሲያወራው ኖረ።

እና ምን ልበላችሁ፣ እኔ በዕድሜየ ሁለት ጀግና አይቻለሁ። አንዱ ሦስት ቀን ዝም ብሎ ያሰበ፣ ሌላው እግሩን አንስቶ የመለሰ።

*

“ጀልባዋስ አሁን የት አለች?” አልኳቸው።

“እንዴ! ከኮሶው ሥር ከብት የምታጠጪባት ገንዳ ምን መሰለችሽ? ሂጅና ዳብሻት። ሠላሳ ሁለት ምስማር፣ እስከ ዛሬ ጠብ አትልም። አንዷን፣ ዋናዋን፣ የመታሁ እኔ ነኝ።”

ሄጄ እጄን ውሃው ውስጥ አስገብቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ተመልሼም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “አያ፣ ሠላሳ አንድ ናቸው። አንዷ ወልቃለች” አልኳቸው።

“ከየት በኩል?”

“ከላይ፣ ከከንፈሯ ሥር። ውሃ ከማይደርስበት።”

አያ ታፈረ ጣታቸውን አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

“አይ ጌጡ! አይ ጌጡ! ዋናዋ ይችው ናት ብሎኝ! ይኸን ሁሉ ዘመን እኮ እኔ የያዝኋት ይመስለኝ ነበረ!”