የአባባ ጎሹ እግርና የተከሰሰው ጎረቤት

ካቻምና መጋቢት ላይ ከአሶሳ ገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ ቦርሳዬ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ እግር ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ጮኹ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንደኛው እግራቸው ባዶ ነው፤ የአውራ ጣታቸው ሥር ቀልቶ አብጧል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ! ምን ሆነው ነው?»

«አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም። ሰው መድኃኒት አስረግጦኝ ነው።»

ሰብለወንጌል እባላለሁ፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የላቦራቶሪ መምህርት ነኝ። ዕቃቸውን ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኳቸው። አባባ ጎሹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ርቀዋል። ቤቱን እንግዳ ከረገጠው መቆየቱን ያወቅሁት፣ ውስጡ ከእሳቸው በርጩማ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ነው።

«ማን አስረገጠዎት?»

«ምንያህል የሚባል ሰው። በአንድ መኪና ተጭነን የመጣን፣ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በድንበር ተጣላን፤ በሳምንቱ ጣቴ ነደደ። በሰፈሩ ሰው ፊት ከሰስሁት። ቤቱን ሸጦ ባምባሲ ልጁ ዘንድ ገባ።»

«እሱ ከሄደ በኋላስ ሕመሙ ቀረ?»

«አልቀረም። ድንገት ይነሣና ነጠላ እንኳ ሲነካኝ ያስጮኸኛል፤ በሳምንት በዐሥር ቀን በራሱ ይጠፋል። ከወራት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። በሽታ እንዲህ ይመላለሳል?»

«ይመላለሳል አባባ። ሪህ የሚባለው እንዲህ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚሉት ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ፣ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ደቃቅ እሾህ ይጠጥራል። ሐኪም ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ይገኛል።»

«የሰውን ክፋት በመስታወት እናያለን በይኛ!»

በማግስቱ ግን እያጉረመረሙም ቢሆን አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ፈሳሹ ተቀዳ፤ ቁስል የሚያመጣ ተሕዋስ እንደሌለበትም ታየ። አባባ ጎሹ እሾሆቹን በማይክሮስኮፑ አዩና ረጅም ጊዜ ቀና አላሉም።

«ይህ ከውጭ የገባብኝ ነው ወይስ የራሴ?» አሉ በመጨረሻ።

«የራስዎ ነው» አለ ሐኪሙ።

ማስታገሻ ተሰጣቸው። ሕመሙ ሲበርድም ዩሪክ አሲዱን የሚቀንስ፣ በየቀኑ የሚዋጥ አሎፑሪኖል የተባለ ኪኒን ታዘዘላቸው፤ መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው። ከሳምንታት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ኪኒኑን አቁመው አገኘኋቸው።

«ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?»

«ምስጥ ምሰሶዎን ሲበላ ይሰማዎታል?»

«የት ይሰማል! ቤቱ ሲወድቅ ነው የሚታወቀው።»

«ታዲያ ዝም ስላለ ሄዷል ይባላል?»

ሳቅ አመለጣቸው። «ጠላውንስ?» አሉ ፈራ ብለው።

«ጠላውም አረቄውም ያባብሱታል፤ ጉበትና ኩላሊት መብላትም እንዲሁ። ውሃ ያብዙ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙን ያማክሩ እንጂ ኪኒኑን እንዳያቋርጡ። ማስታገሻም በዘፈቀደ እየገዙ አይውሰዱ፤ ኩላሊት ይጎዳል።»

«ልጄ፣ የሚያጫውተኝ እኮ ጠላው ብቻ ነው።»

እኔም በተከራየሁት ክፍል የሚያጫውተኝ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር።

ኪኒኑንም መልሰው ጀመሩ። በተከተለው ዓመት ጣታቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሣ፤ ከዚያም ተወት አደረጋቸው። አንድ ቅዳሜ ሁለት እግራቸውን ተጫምተው ባምባሲ ሄዱ። በማግስቱ የሆነውን ነገሩኝ።

«ምንያህል በር ላይ ቆሞ እግሬን አየና ‹ዳነልህ?› አለኝ። ያመመኝ የገዛ ደሜ ነው፣ ይቅር በለኝ አልሁት። ይቅር አለኝ። ምሳ አብልቶ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ወደ ሰፈርህ ተመለስ ስለው ግን ‹ጎሹ፣ እዚያ ቤት የለኝም› አለኝ።»

ዛሬ አባባ ጎሹ መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው ሲያዩ ሳይመክሩ አያልፉም።

«ማን አደረገብኝ ከማለትህ በፊት ተመርመር» ይላሉ። «በጊዜ የታወቀ ሪህ በመድኃኒት ይገታል፤ ጣትህ አይጣመምም፣ ኩላሊትህ ይተርፋል፣ እርሻህ ጾም አያድርም። እኔ አራት ዓመት ዘገየሁ። እግሬ ተመለሰልኝ፤ ጎረቤቴ ግን አልተመለሰም።»