የአይሱዙው ሹፌር ሚስት

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ስንጓዝ አንድ አይሱዙ አቧራ አልብሶን ቀደመ። የሚኒባሳችን ሹፌር "አሳየዋለሁ" ብሎ ነዳጅ ረገጠ። ከኋላው የተቀመጡት እናት ትከሻውን ነካ አደረጉት።

"ተወው ልጄ፤ ሚስቱ ምጥ ይዟት ይሆናል።"

"በምን አወቁ፣ እናቴ?"

"አላወቅሁም። ግን እንዲያ ሳስብ ልቤ ይረጋል።"

"ትናንት መንገድ የዘጋብኝስ?"

"የእሱም ሚስት።"

"የወሎ ቦረና በሙሉ ምጥ ላይ ነው በሉኛ።"

"ይሁና፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም አራሷን ልጄን ልጠይቅ ነው የምሄደው። የልጅ ልጄን ሳላይ ገደል አትክተተኝ።"

ሹፌሩ ሳቀና ፍጥነቱን ቀነሰ። ብዙም ሳንርቅ አንድ ሞተረኛ ከኋላችን ደጋግሞ ክላክስ አደረገ። ሹፌሩ ወደ ዳር ወጣለት።

"እለፍ ወንድሜ፤ በሽልም ያውጣልህ።"

ወግዲ የማስተምራቸው ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ እየጠበቁኝ ነበር፤ ረፍዶብኛል፤ እኔ ግን የእጅ ሰዓቴን በሹራቤ እጅጌ ሸፈንኩት።