በረዶ ላይ የምትሽቀዳደመው ልጅ

በበቅሎዬ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ሳንቃ በር ያወጣኋት ፈረንጅ በብረት ጫማ በረዶ ላይ የምትሽቀዳደም ነበረች። በአስተርጓሚ፣ "ዘንድሮ ካልቀናኝ እተወዋለሁ" አለችኝ። እኔም ውድድር በመጣ ቁጥር ደባርቅ ወርጄ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ አልሁ። ዓመቱን ሙሉ አልቀናትም። በማብቂያው ውድድር ግን አብራት የሮጠችውን ጥላት ገባች።

"ተመስገን፣ አሸነፈች" አልሁ።

ባለ ሻይ ቤቱ ሳቀ። "አባባ፣ በከንቱ ደስ አይበልዎ። ሁለት ሁለት ሆነው ይሮጣሉ እንጂ ፉክክሩስ ከሰዓት ጋር ነው። ከእሷ በፊት የሮጡት በልጠዋታል።"

"አጠገቧ የሌለ ሰው እንዴት ይቀድማታል?"

በጣቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመኝ። ልጅቱ ቀና ብላ የሰዓቱን ሰሌዳ አየች፤ ከዚያ ዳር ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታ ጀመር።

"አጥፋው" አልሁት።

"ኧረ ገና ብዙ ሯጭ ይቀራል።"

"ለእሷ አልቋል።"