የመሪጌታ ኪዳነወልድ ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዶክተር አስማረ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ልጆቼ፤

ይህን ድግስ ለደገሳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጓንት ስታጠልቅ የኖረችን ነርስ ጋቢ አለበሳችኋት፤ ሸጋ ጋቢ ነው። ስለ እኔ የተባለውን ሁሉ ስሰማ፣ «ይቺ ሲስተር የትነበርሽ የሚሏት ደግ ሴት ማን ትሆን?» ብዬ ዞር ዞር እያልኩ ፈለግኋት።

ደግ አይደለሁም። ቂመኛ ነኝ። ሁለት ዓመት የቋጠርኩት ቂም አለኝ፤ ዛሬ እናንተው ፊት እፈታዋለሁ።

እዚያ ጥግ፣ ከነርሷ ከሕሊና አጠገብ የተቀመጡትን ባለ ጥምጣም አባት ታውቋቸዋላችሁ? ዶክተር፣ እርስዎ እንኳ ያውቋቸዋል። መሪጌታ ኪዳነወልድ ናቸው። ከኮሶዬ ጠርቼ ያስመጣኋቸው እኔ ነኝ። የዜማ መምህር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ እኛ ዘንድ፣ በዶክተር አስማረ እጅ፣ እንቅርታቸው በኦፕራሲዮን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። ተማሪዎቻቸውም ሌላ መምህር ፍለጋ ተበተኑ።

ጉዳዩ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ዶክተር ምን አሉ? «የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ የሕክምና ስህተት አይደለም።»

እጃቸውን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። አብሬ ቆሜ አይቻለሁ፤ እጃቸው አልተሳሳተም። የድምፅ ነርቭ በጎበዝ ሐኪም እጅም ሊጎዳ ይችላል። ይህን እኔም እናንተም እናውቃለን። ግን መሪጌታ ያውቁ ነበር? የታወቀው ለማን ነው?

በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ጠይቀው ነበር እኮ! «ዶክተር ልጄ፣ ዜማዬን ይነካብኝ ይሆን?» አሉ። ዶክተር በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ምንም አይነካዎትም!» ብለው አለፉ። እርሳቸውም አምነው ፈረሙ። እውነቱ ቢነገራቸው ኖሮ እንቅርታቸውን ይዘው ኮሶዬ ይመለሱ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አብሯቸው ሲኖር አንድ ቀን ከማሕሌት አላስቀራቸውም።

ቅጹ ላይ ግን «ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ተነግሯቸዋል» ከሚለው ፊት ምልክት አለ። ማን አደረገው? እኔ። የክፍላችንን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የሁሉንም በሽተኛ ቅጽ እንደረድርና ሰውየውን እንኳ ሳናይ ምልክት አድርገን እንጨርሳለን። ኮሚቴው ያንን ምልክት አይቶ ዶክተርን ነጻ ነዎት አላቸው።

ልናገር ስነሳ ዶክተር ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ። «ሲስተር፣ ጡረታሽ ደርሷል። በሰላም ብትወጪ አይሻልም?» አሉኝ። ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። ያንን ዝምታ ለእርሳቸውም ለራሴም ይቅር አልልም።

ይኸው በሰላም ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት፣ ጋቢውን ሳታለብሱኝ፣ የምስክርነት ቃሌን ጽፌና ፈርሜ ለኮሚቴው አስገብቻለሁ። ከጥፋተኞቹ መጀመሪያ የጻፍኩት የራሴን ስም ነው። ሁለተኛው የእርስዎ ነው፣ ዶክተር። ምነው፣ ውሃ ላስመጣልዎት?

ልጆቼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የማይንቀጠቀጥ እጅ ይስጣችሁ፤ በሽተኛ ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ የሚመልስ አንደበትም አይንፈጋችሁ።

የመዝጊያውን ምርቃት የሚሰጡን መሪጌታ ናቸው። ማይክሮፎኑን አጥፉልኝ፤ ድምፃቸውን እንዳለ እንድትሰሙት ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉ። ዶክተር፣ እርስዎ እፊታቸው ይቀመጡ። መሪጌታ የሚሉት ካልተሰማዎት፣ አሜን ከማለትዎ በፊት ይጠይቋቸው።